የአክስቴ ሚዛንና 10 ሚሊቮልት

አክስቴ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ትሸጣለች። የድሮ ሚዛኗ መርፌ እየተጣበቀ አስቸገራት። "ሚዛኑ ሲዋሽ ሌባ የምባለው እኔ ነኝ" አለችኝ። ልሠራላት ቃል ገባሁ።

20 ኪሎ የሚችል ሎድ ሴል (ክብደትን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይር የአሉሚኒየም ዘንግ) ገዛሁ። አሉሚኒየሙ ላይ ስትሬን ጌጅ የሚባሉ አራት ስስ መለኪያዎች ተለጥፈዋል። ጭነት ሲያጎብጠው ሁለቱ ይለጠጣሉ፣ ሁለቱ ይጨመቃሉ፤ ሬዚስታንሳቸውም (ኤሌክትሪክን የመገደብ አቅማቸው) በጥቂቱ ይለወጣል።

መጀመሪያ ከሴሉ ሁለት የውጤት ሽቦዎች አንዱን አርዱይኖ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ንባቡ 512 አለ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቼ ጫንኩበት። 513። በቃ፣ ይቺው ናት።

ሂሳቡን ሳሰላ ገባኝ። የእኔ ሴል በ5 ቮልት ሲሠራ፣ 20 ኪሎ ተጭኖበት የሚሰጠው 10 ሚሊቮልት ብቻ ነው። እሱንም ሁለቱ ሽቦዎች ይካፈሉታል፤ አንዱ 5 ሲወጣ ሌላው 5 ይወርዳል። የአርዱይኖው ኤዲሲ (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል) አንድ እርምጃ ደግሞ 4.9 ሚሊቮልት አካባቢ ነው።

ስለዚህ ኤችኤክስ 711 የሚባል፣ የራሱ ኤዲሲ ያለው የሎድ ሴል ማንበቢያ ሞጁል አመጣሁ። የሁለቱን ሽቦዎች ልዩነት 128 ጊዜ አጉልቶ በ24 ቢት ያነባል። የመጨረሻዎቹን ቢቶች ግን አትመኑ፣ ጫጫታ (ዝም ብሎ የሚዋዥቅ ቁጥር) ናቸው። ለዓሣ 5 ግራም ይበቃኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ሁለት ሌሊት የወሰደብኝ። ባዶውን ሲሆን ዜሮ ላይ ጸጥ ይላል። 10 ኪሎ ስጭንበት ግን ይዋዥቃል፣ በተለይ የማሳያውን መብራት ሳበራ። 200 ግራም ይጎድላል፤ አንድ ቆሮሶ ማለት እኮ ነው! ሶፍትዌሩን ደጋግሜ ጻፍኩት፣ ሽቦ ቀየርኩ፣ ምንም።

ፍንጩ ዜሮው ላይ ነበር። ስህተቱ ከጭነቱ ጋር አብሮ የሚያድግ ከሆነ ጫጫታ አይደለም፤ ብሪጁን፣ ማለትም አራቱ ጌጆች የተያያዙበትን ዑደት፣ የሚመግበው ቮልቴጅ ነው። እኔ ሴሉን የማበላው ከስልክ ቻርጀር ነበር፣ መብራቱንም ከዚያው። በመልቲሜትር ስለካው መብራቱ ሲበራ ከ5.05 ወደ 4.95 ወረደ። 2 በመቶ! ብሪጁ የሚሰጠው የተመገበውን ቮልቴጅ ድርሻ ነው፤ የሞጁሉ ኤዲሲ ግን ከራሱ ሌላ ቮልቴጅ ጋር ያነጻጽረዋል።

ሴሉን የሚመግበውን ቀይ ሽቦ ከቻርጀሩ ነቅዬ ሞጁሉ ላይ ኢ ፕላስ የሚለው ቦታ በየድኩት። አሁን ብሪጁም ኤዲሲውም ከአንድ ምንጭ ይበላሉ፤ ምንጩ ቢወርድ ሁለቱም እኩል ይወርዳሉ።

ጠዋት ገበያ ወሰድኩት። አክስቴ የ5 ኪሎ ድንጋይዋን አስቀመጠች። መብራቱን አበራች፣ አጠፋች፣ ደግማ አበራች። 5.00 አልተነቃነቀም።