ጨዋ የተባለው ልጅ

የሕፃናት ማቆያ ሞግዚት ነኝ። በእኛ ሥራ ከሚያለቅሰው፣ ከሚናከሰውና ጡጦውን ከሚወረውረው ልጅ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ «ጨዋ ነው» የሚባለው ነው። የሚያለቅስ ልጅ ሰው ያየዋል። ጨዋውን ግን ሁሉም ያመሰግነዋል እንጂ ማንም ጠጋ ብሎ አይመለከተውም።

ማቆያችን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለ ቦታ እንዲያዘጋጁ ካዘዘ በኋላ የተከፈተ ነው። እናቶች ከወሊድ በኋላ ያለችው 90 ቀን ስታልቅ ልጃቸውን አቅፈው ይመጣሉ፤ ልጁ እስከ ሦስት ዓመቱ ድረስ ከእኛ ጋር ይውላል። ስማቸውን እያወቅን እርስ በርሳችን ግን ልጆቹን የምንጠራቸው በእናቶቻቸው የሥራ ክፍል ነው፤ የግዥ ክፍሏ ልጅ፣ የሒሳብ ክፍሏ መንትዮች እያልን። ይህ የምተርከው የመዝገብ ቤቷን ልጅ ነው።

ሁለት ዓመት አልፎታል። ይሮጣል፣ ኳስ ይመታል፣ ጫማውን ራሱ ያወልቃል። ቃል ግን የለውም። «ማ» ይላል፤ ለእናቱም፣ ለውሃም፣ ለበሩም ያው «ማ» ነው። የሚፈልገው ነገር ሲኖር ጣታችንን ይዞ እየጎተተ ይወስደንና ያሳየናል። በዚህ ዕድሜ ያሉ አብዛኞቹ ልጆች ሃምሳ ያህል ቃላት ይኖሯቸዋል፤ ሁለት ቃል አገጣጥመውም «ውሃ ስጪኝ»፣ «እማ መጣች» ማለት ይጀምራሉ። በዕድሜ ከእሱ የሚያንሱት የሒሳብ ክፍሏ መንትዮች በአንድ መኪና ጠዋቱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። በየቀኑ የምንሞላው መዝገብ ላይ ስለ እሱ የሚጻፈው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «በልቷል፣ ተኝቷል፣ አላስቸገረም»።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጆሮውን ነው። ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ሳናግረው ዓይኑን ከከንፈሬ አይነቅልም፤ ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ከኋላው ስጠራው ግን፣ በተለይ ቴሌቪዥኑ ክፍት ከሆነ፣ ዞር አይልም። የብረት ክዳን ሲወድቅ ይደነግጣል፤ ሰዎችም ይህንን አይተው «ይሰማል» ይላሉ። ክዳን ሲወድቅ መስማትና ቃል ለይቶ መስማት አንድ አይደለም። ጉንፋን የማይለየው ልጅ ነው፤ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፣ ሲተኛ ያንኮራፋል፣ ጡጦ የለመደውም በጀርባው ተንጋሎ ነው። በእንዲህ ያለ ልጅ ከጆሮ ታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል። ትኩሳት ላይኖረው ይችላል፤ ላያመውም ይችላል። ድምፅ የሚደርሰው ግን በግድግዳ በኩል ከጎረቤት ቤት እንደሚመጣ ወሬ ነው፤ ሰው መናገሩን ያውቃል፣ ምን እንደተባለ ግን አይለይም። እንዲህ እየሰማ አፉን እንዲፈታ እንዴት ይጠበቃል?

ንግግሩ የዘገየ ልጅ ሁሉ ጆሮው ታሟል ማለቴ አይደለም። ዘግይተው ጀምረው እኩዮቻቸውን የሚደርሱ ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱ ሌላ የሚሆንባቸውም አሉ። ነገር ግን ሌላውን ሁሉ ከማውጠንጠን በፊት ጆሮ ይታያል። ስሠለጥን የተማርኩትም ይህንኑ ነው።

ቴሌቪዥኑ የራሱ ጣጣ ነበረው። ከጠዋት እስከ ማታ የእንግሊዝኛ የልጆች መዝሙር ይለፈልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ከስክሪን ፊት ቁጭ ብሎ መዋልን አይመክርም፤ ሁለት ዓመት ለሞላውም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ እንደሆነ ይናገራል። ይህንን ለአስተባባሪያችን ነግሬያታለሁ። «ሲዘጋ ይረብሻሉ» አለችኝ። በየሩብ ዓመቱ የምንገመገምበት ቅጽ ላይ «ክፍሉ ጸጥታ የሰፈነበት ነው» የሚል መስፈርት አለ። ልጆቹ አዲስ ቃል መልመዳቸውን የሚጠይቅ መስፈርት ግን የለም። ታዲያ ዝምተኛ ልጅ በምን በኩል ይታያል?

ከእኔ ጋር የሚሠሩት ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። እንደ እሳቸው ልጅ የሚወድ ሰው አላየሁም። የመዝገብ ቤቷን ልጅ ከአራስነቱ ጀምሮ የያዙት እሳቸው ናቸው። ዓይኑን ወደ መደርደሪያው ሲያነሳ ኳሱን ያወርዱለታል፤ ምላሱን ሲያወጣ ውሃ ያቀርቡለታል። ልጁ አፉን የሚከፍትበት ምክንያት አልነበረውም። አንድ ቀን ይህንን ሳነሳባቸው ሙዝ እየላጡ ነበር።

«ልጄ፣ ልጅ ሁሉን ጠይቆ ካገኘማ ሞግዚት ምን ትሠራለች?» አሉኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ ዓይኑን አይተው ያውቁለታል። ነገ ሙአለ ሕፃናት ሲገባ ማን ያውቅለታል?»

«እስከዚያ አፉን ይፈታል።»

«በምን ተለማምዶ?»

መልስ አልሰጡኝም። ሙዙን ልጠው ሰጡት።

እኔ በበኩሌ የማውቀውን ማድረግ ጀመርኩ። በምግብ ሰዓት ቴሌቪዥኑን እዘጋለሁ። ወለሉ ላይ እቀመጥና ፊቴን ከፊቱ ትይዩ አደርጋለሁ። «በል፣ ውሃ በል!» እያልኩ አላስጨንቀውም፤ ልጅ እንዲህ ሲባል ይበልጡን አፉን ይዘጋል። ከዚያ ይልቅ የያዘውን ነገር በአጭሩ እየጠራሁ እሰጠዋለሁ፦ «ኳስ። ትልቅ ኳስ። ኳሱ ሄደ!» ከሁሉ የጠቀመኝ ግን አኩኩሉ ነው። ፊቴን ሸፍኜ «አኩኩሉ!» እልና ዝም እላለሁ። መንትዮቹ «አልነጋም!» ብለው ይጮኻሉ። እሱ መጀመሪያ ያያቸው ነበር፤ ቆይቶ ከእነሱ እኩል ሰውነቱን ያንቀጠቅጥ ጀመር፤ በኋላም ቃሉ ባይወጣለትም ተራው ሲደርስ ድምፁን ያሰማ ነበር። ንግግር ተራ ጠብቆ መቀባበል ነውና ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። መዝገቡ ላይም ጻፍኩት።

ችግሩ የመጣው በመክሰስ ሰዓት ነው። በአንድ እጄ ሙዝ፣ በሌላው ብርቱካን ይዤ «ሙዝ? ወይስ ብርቱካን?» እለውና እጠብቃለሁ። ምግብ እየከለከልኩት አይደለም። ወደ አንዱ ቢመለከት፣ ጣቱን ቢዘረጋ፣ ምንም ዓይነት ድምፅ ቢያወጣ ወዲያው «ሙዝ! ሙዝ ፈለግህ» ብዬ እሰጠዋለሁ። በመካከሉ በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ፤ ሥራው በሙሉ ያቺ ጥበቃ ናት። አዋቂ ሰው የልጅን ዝምታ ለሁለት ሰከንድ እንኳ አይታገሥም፤ ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል። ዘገምተኛው ልጅ ደግሞ ቃሉን ፈልጎ ሳያገኝ ተራው ያልፈዋል።

የዚያን ዕለት ጉንፋን ይዞት ነበር፤ እንቅልፉንም አልጠገበም። ሁለቱን ፍሬዎች ሲያይ ፊቱ ተሸበሸበና ማልቀስ ጀመረ። ሙዙን ልሰጠው እጄን ስዘረጋ እናቱ በሩ ላይ ቆማለች።

«ልጄን በሙዝ ታስለምኚዋለሽ?»

ጮኻ አይደለም የተናገረችው፤ እንዲያውም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። ሙዙን ከእጄ ወሰደች፣ ላጠች፣ አፉ ውስጥ አደረገችለት። ለቅሶው ቆመ። ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ለቅሶው መቆሙ የእኔን ጥፋት እንዳረጋገጠላት ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። እትዬ የተኙትን ልጆች ብርድ ልብስ ያስተካክሉ ጀመር። ብዙ ዓይነት ስድብ ሰምቼ ረስቻለሁ፤ «ታስለምኚዋለሽ» የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ልጅን ማስለመን ማለት ያለውን ነጥቆ ደጅ ማስጠናት ነው። እኔ ያልነበረውን ልሰጠው ነበር የተቀመጥኩት።

በማግስቱ አስተባባሪዋ ቢሮ ተጠራሁ። እናቱም ነበረች።

«ልጁን ታስለቅሻለሽ የሚል አቤቱታ ቀርቦብሻል።»

«ልጁ አይናገርም» አልኩ።

«የተጠየቅሽው ስለ ማልቀሱ ነው።»

«ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። ጆሮው ይታይ።»

እናቱ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ልጄ ደንቆሮ ነው ልትዪኝ ነው?»

«አይደለም እህቴ። በአንድ ቀጠሮ የሚታይ ነገር ነው። ደህና ከሆነም ደህና ነው ተብለሽ ትመለሻለሽ።»

«አባቱም በአራት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው።»

አስተባባሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አንቺ ሞግዚት ነሽ ወይስ ሐኪም?»

«ሞግዚት ነኝ» አልኳት። «ሐኪም የሚያየው ቢበዛ ለግማሽ ሰዓት ነው። እኔ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አየዋለሁ። ላክመው አላልኩም፤ የሚያክመው ሰው ይየው ነው ያልኩት።»

በቃለ ጉባኤ ተያዘ፦ «ሠራተኛዋ ከሥራ ድርሻዋ ውጪ አስተያየት ሰጥታለች»። ከፊርማዬ በላይ «አስተያየቴ አልተለወጠም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ዛሬም ቢሆን አልፍቀውም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የዞረው ባላሰብኩት በኩል ነው። እናቱ ሲጨንቃት የምታወራው ለእትዬ ነው። አንድ ቀን እትዬ እጄን ይዘው ወደ ልብስ ማጠቢያው ወሰዱኝና «ምላሱ ታስሯል፣ እንጥሉም ወርዷል ብለው ሊያስቆርጡት ነው» አሉኝ። ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። የምላስ መታሰር ሕፃን ጡት እንዳይዝ ሊያስቸግር ይችላል እንጂ ልጅን ቃል አልባ አያደርግም። እንጥል መቁረጥ ደግሞ ደም ማፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ ለንግግር የሚጠቅመው አንዳች ነገር የለም፤ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊትን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ይቀጣል። ይህንን ሁሉ ለእትዬ ነገርኳቸው። «እኔ ብነግራት አትሰማኝም፤ እርስዎ ይንገሯት» አልኩ።

ነገሯት። እንዴት እንደነገሯት በር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ፦ «እኔ ባሳደግሁት ልጅ ላይ ምላጭ አይነሳም። መጀመሪያ ጆሮውን አሳዪው።» እናትየዋ አንዲት ቃል አልመለሰችም። በዚያው ሳምንት ወሰደችው።

ሐኪሙ ጆሮውን በመሣሪያ አየው፤ በትንሽ መሰኪያ ግፊት እየሰጠም የታምቡሩን እንቅስቃሴ ለካ። በሁለቱም ጆሮው ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተገኘ። ብዙውን ጊዜ በራሱ የሚደርቅ ስለሆነ ለሦስት ወር ቀጠሮ ተሰጠው፤ ካልደረቀ ሌላ መፍትሔ እንዳለ ተነገራት። እስከዚያው ቀረብ ብለው ፊት ለፊት እንዲያናግሩት፣ ሌላ ድምፅ እንዲዘጉ፣ ተንጋሎ ጡጦ እንዳይጠባ ተጻፈላት። ወረቀቱ ማቆያው ደረሰ፤ ቴሌቪዥኑም ጠዋት ጠዋት ተዘጋ። እኔ ስለው የነበረው ነገር ማኅተም ይዞ ሲመጣ ተሰማ።

በወሩ ስብሰባ ላይ አስተባባሪዋ እትዬን ከመቀመጫቸው አስነስታ አመሰገነች፤ «ልምድ ማለት ይህ ነው» አለች። እናቱም አጨበጨበች። እትዬ ወደ እኔ አዩ፤ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። እኔም አጨበጨብኩ። ደስ ብሎኛል፤ ልጁ ታይቶለታልና። ግን ቆጭቶኛልም፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ስለ አስተባባሪዋ ያለኝ ሐሳብ አልተለወጠም። ስለ እትዬ ግን ብዙ አስቤያለሁ። ያቺ እናት የእሳቸውን ቃል የሰማችው ሁለት ዓመት ሙሉ ልጇ ሳይጠይቅ ሲሰጡት ስላየች ነው። እኔ የነቀፍኩት ነገር ነው ልጁን ከምላጭ ያዳነው። ያው ነገር ደግሞ ልጁ ድምፁን ሳያወጣ እንዲኖር አድርጎታል። የትኛውን ከየትኛው ነጥዬ እንደምወስድ ለአዲስ ሞግዚት ማስረዳት ቢኖርብኝ እቸገራለሁ።

በሦስተኛው ወር የቀኝ ጆሮው ደርቆ ነበር፤ ግራው ገና በክትትል ላይ ነው። መጀመሪያ የተናገረው ጥርት ያለ ቃል «እምቢ!» ነው። የተናገረውም ለእትዬ ነው፤ ሹራብ ሊያለብሱት ሲሉ። እሳቸው ደንግጠው «ምን አጠፋሁ?» አሉ። እኔ ሮጬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩት፤ ከጎኑም ሰዓቱን አሰፈርኩ። አሁን «ውሃ ስጪ» ይላል፤ ከመንትዮቹ ጋር በመኪናው ይጣላል፤ አንዱን ነክሶታልም።

እናቱ ከእኔ ጋር ሰላምታ ብቻ ነው ያላት። እትዬ ግን በመክሰስ ሰዓት አጠገቤ ወለሉ ላይ መቀመጥ ጀምረዋል። ሁለት ፍሬ ይዘው «የቱን ልስጥህ አባቴ?» ይሉታል፤ ይጠብቁታልም። እሳቸው የሚቆጥሩት እስከ ሦስት ነው፤ እኔ እስከ አሥር ነው እላለሁ። በዚህ እስካሁን አልተስማማንም።