ድምፁን ዘግታ ያለፈችው ደረጃ

መሰናክሎቹ ከሙዚቃ ምት ጋር የሚመጡበት ትንሽ ጨዋታ ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ፣ እኔ ሦስት ወር የፈጀብኝን ነገር እናንተ በአንድ ከሰዓት እንድትጨርሱት ነው የምጽፈው።

ቀላሉን በአጭሩ ልለፈው። የሠራሁት ጎዶት በሚባል የጨዋታ ሞተር (ጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም) ነው፤ ነጻ ነው፣ በአሮጌ ኮምፒውተርም ይሠራል። አንድ ልጅ ይሮጣል፣ ድንጋይና እሾህ ይመጣበታል፣ ከበሮው ሲመታ ይዘላል። ሙዚቃውን ማሲንቆ ከሚጫወት ጓደኛዬ ጋር ቀዳነው፤ ችክችካ ነው፣ በደቂቃ 120 ምት። ሥዕሉን ራሴ ሣልኩት።

ከዚያ ለአሥራ ሁለት ሰዎች ላክሁት። አሥሩ «ከባድ ነው» አሉኝ። እኔም ቃሉን እንዳለ ተቀበልኩ። መሰናክሎቹን አራራቅሁ፣ ሩጫውን አዘገየሁ፣ እሾሁን አሳነስኩ። አሁንም ከባድ ነው አሉ። እንደገና አቀለልኩት። ጨዋታው ለዛው ተሟጦ ሲያልቅም መልሳቸው ያው ነበር። ጓደኛዬ ብቻ ገና በመጀመሪያው ቀን «ከበሮው ዘግይቶ ነው የሚደርሰኝ» ብሎኝ ነበር። «እኔ ጋ ልክ ነው፣ ትንሽ ተለማመድበት» ብዬ መለስኩለት። ዕድሜውን ከምት ጋር ለኖረ ሰው እንዲህ ብሎ መመለስ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ነገሩ የተገለጠልኝ የአክስቴ ልጅ ቤታችን መጥታ ስትጫወት ነው። የብሉቱዝ ማዳመጫዋን አድርጋለች፣ እኔ ምንም አልሰማም፣ ስለዚህ እግሯን አየሁ። ድንጋዩ ካለፈ በኋላ እግሯ ወለሉን ይመታል። የሚቀጥለውም ድንጋይ አለፈ፣ እግሯ ተከተለ፤ የሚዘገይበት መጠን ሁልጊዜ እኩል ነው። አምስት ጊዜ ከወደቀች በኋላ «ጋሼ፣ ድምፁን ዘግቼ ልጫወተው?» አለችኝ። ዘጋችው። ሦስተኛውን ደረጃ በመጀመሪያ ሙከራዋ አለፈች። በሙዚቃ የሚመራ ጨዋታ ሠርቼ፣ ሙዚቃው የተጫዋቹ እንቅፋት ሆኖ አረፈው።

ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ይልካል፣ ማዳመጫው ፈትቶ ያሰማል፤ በዚህ መካከል ከ100 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ሊያልፍ ይችላል። ስክሪኑ ደግሞ ድምፁን አይጠብቅም። በ120 ምት አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው፤ ችክችካ ይህን ለሦስት ስለሚከፍለው አንዷ ክፍል 167 ገደማ ናት። 200 ሚሊሰከንድ የዘገየ ከበሮ እንግዲህ ከአንድ ክፍል በላይ ተንሸራቶ፣ ሌላ ቦታ ላይ ያረፈ ምት ሆኖ ይሰማል። እኔ በባለገመድ ማዳመጫ ስለምሠራ አንድም ቀን አልሰማሁትም።

የጎዶት መመሪያ የድምፁን መዘግየት ከሞተሩ ጠይቀህ ቀንስ ይላል። አድርጉት፣ ግን አትመኑበት፤ እኔ በሞከርኩባቸው ስልኮች ላይ የብሉቱዙን መዘግየት አልነገረኝም። ያዋጣኝ ተጫዋቹን ራሱን መጠየቅ ነው፦ ከበሮ አሰማዋለሁ፣ አሥራ ስድስት ጊዜ አብሮ ይነካል፣ መዘግየቶቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሬ መሃል ላይ ያለውን እወስዳለሁ። አማካይ አትውሰዱ፣ አንድ የተሳሳተ ንክኪ ሁሉን ያበላሸዋል። ተጫዋቹን ገና ሲገባ በማስተካከያ አታስቸግረው የሚለውንም የተለመደ ምክር አልቀበለውም። ማስተካከያው ከመጀመሪያው ደረጃ በፊት ይምጣ፤ በጨዋታው ሴቲንግ ውስጥ ከተደበቀ ማንም አይከፍተውም። ማዳመጫ ሲቀየርም እንደገና ጠይቁ።

አስተያየት ስትሰበስቡ ደግሞ ከቻላችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ አፋችሁን ዝጉ፣ እግራቸውንና ጣታቸውን እዩ። «ከባድ ነው» ያሉኝ ሰዎች አልዋሹም፤ የከበዳቸው ምን እንደሆነ ማወቅ ግን የእነሱ ሥራ አልነበረም።

የአክስቴ ልጅ ስልክ ላይ የተለካው 210 ሚሊሰከንድ ነው። አሁን ድምፁን ከፍታ ትጫወታለች፣ እግሯና ጣቷ አብረው ይወርዳሉ። ጓደኛዬን ይቅርታ ጠይቄው አዲሱን ልኬለታለሁ፤ እስካሁን አልከፈተውም።