ውሃ ሽንትዎ እንዴት ነው?

ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ወር ነው። የውስጥ ደዌ ክፍል፣ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ጥግ ያለው አልጋ ላይ ሰባዎቹን የተሻገሩ አባት ተኝተዋል። ካርዳቸው ላይ "የኩላሊት መድከም" ተብሎ ተጽፏል። ክሪያቲኒናቸው፣ ማለትም ኩላሊት ከደም ማጣራት ያለበት ቆሻሻ፣ 6.8 ነው። ጤናማ ሰው ላይ ከ1.2 ብዙም አያልፍም። ሌሊቱን ሙሉ ይቁነጠነጣሉ። ብርድ ልብሱን ይገፋሉ፣ ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ። አንሶላቸው ደጋግሞ ይርሳል። የሚያስታምማቸው ልጅ አፈር እያለ "ሲስተር፣ አባባን ሽንት እያመለጣቸው ነው" አለኝ።

እኔም አንሶላ ቀየርኩ። መዝገቡ ላይ "ሽንት ያመልጣቸዋል" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ተረኛውን ሐኪም "እንቅልፍ አጥተዋል፣ የሚያስተኛቸው ነገር ይታዘዝላቸው" ብዬ ጠየቅሁት። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

ሐኪሙ ሳይደርስ ከሌላ ክፍል አንዲት የቆየች ነርስ ጓንት ፍለጋ ገባች። አየቻቸው። ምንም ሳትናገር ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ መዳፏን ከእምብርታቸው በታች አሳረፈች። "ነይ ንኪው" አለችኝ። ድቡልቡል ያለ፣ ውጥር ያለ ነገር ነው። በጣት መታ መታ ሲያደርጉት ድምፁ የታፈነ ነው። አንጀት ያለበት ቦታ እንዲህ አይደለም፣ እንደ ከበሮ ይጮሃል። ይሄ የሽንት ፊኛቸው ነበር።

ካቴተር፣ ማለትም የሽንት ቱቦ፣ ሲገባላቸው 1,400 ሚሊ ሊትር ሽንት ወጣ። አባባ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "እግዜር ይስጥሽ ልጄ" አሏት እሷን። ከዚያ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወሰዳቸው። የሚያስተኛ መድኃኒት ማን ፈልጎ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮስቴታቸው፣ ከፊኛ ሥር ያለው የወንዶች ዕጢ፣ አድጎ የሽንቱን መውጫ ዘግቶታል። ፊኛው እስከ አፉ ሲሞላ የተረፈው ብቻ ጠብ ጠብ ይላል፣ ልክ እንደ ሞላ በርሜል። እኔ "ይሸናሉ" ብዬ ያነበብኩት ምልክት መሽናት ያለመቻላቸው ምልክት ነበር። ሽንቱ ወደ ታች መውጫ ሲያጣ ጫናው ወደ ላይ ይመለሳል፣ ኩላሊቱንም ያደክመዋል። መቁነጥነጣቸውም ሆነ እንቅልፍ ማጣታቸው ከዚሁ የመጣ ነው። እኔ አራት ጊዜ አንሶላ ስቀይር አንድ ጊዜ እንኳ ሆዳቸውን አልነካሁም።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ የኩላሊት ታካሚ ሲመጣ ከወረቀቱ በፊት እጄ ይቀድማል። ከእጄም በፊት ጥያቄዬ።

ጥያቄው ግን ቀላል አይደለም። እኛ አገር ሰው ስለ ሽንት ማውራት ያፍራል፣ በተለይ አዛውንት ወንድ ለሴት ነርስ። "ሽንትዎን እንዴት ይሸናሉ?" ብዬ ስጠይቅ ሁሉም "ደህና ነው፣ ተመስገን" ይላል። "ውሃ ሽንትዎ እንዴት ነው?" ስል ትንሽ ይለሰልሳል። ይበልጥ የሚሠራው ግን እንዲህ እያልኩ ስጠጋ ነው፦ ሌሊት ስንት ጊዜ ያስነሣዎታል? ሲጀምሩ ይዘገይብዎታል? ከጨረሱ በኋላ የቀረ ነገር ያለ ይመስልዎታል? አባባ በኋላ ሲነግሩኝ ሌሊት ስድስት ጊዜ መነሣት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። "እርጅና ነው ብዬ ነው" አሉ። ማንም አልጠየቃቸው፣ እሳቸውም አልተናገሩ።

በተቃራኒው ደግሞ "ኩላሊቴን አሞኛል" ብሎ የሚመጣ አለ። እሱን ስሰማ ወዲያው ኩላሊት አላስብም። በእኛ አነጋገር ወገብም ኩላሊት ነው፣ ጎንም ኩላሊት ነው። "በጣትህ አሳየኝ" እላለሁ። ከጎድን አጥንቱ ሥር ጀምሮ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ እየመጣ የሚሄድ፣ ሰውን አላስቀምጥ የሚል ሕመም ከሆነ ጠጠር ይጠረጠራል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረ ነገሩ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ጊዜ አይሰጥም። ሲያጎነብስና ሸክም ሲያነሣ ብቻ የሚያም ከሆነ ብዙ ጊዜ ጡንቻ ነው። የሽንት ማቃጠልንም ብዙ ሰው "ብርድ መታኝ" ብሎ ቤቱ ይቀመጥበታል። ስለዚህ "ብርድ" ሲባል "ሲሸኑ ያቃጥልዎታል?" ማለት ለምዶብኛል።

ወደ አባባ ልመለስ። ፊኛቸው ስለተለቀቀ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ገና መጀመሩ ነው። ጠዋት ላይ ሽንታቸው በሰዓት 300፣ 350 ሚሊ ሊትር መውረድ ጀመረ። ተዘግቶ የቆየ ኩላሊት ሲከፈትለት ውሃና ጨው መያዝ አቅቶት እንዲህ ይለቃል። ለሁለት ተከታታይ ሰዓት ከ200 ሚሊ ሊትር ካለፈ በዓይን አይታለፍም። ሰውየው በገዛ ሽንቱ ሊደርቅ ይችላል፣ በደሙ ውስጥ ያሉት ጨዎች፣ ሶዲየምና ፖታሲየም፣ ይዛባሉ። ስለዚህ በየሰዓቱ ሽንት መለካት፣ የደም ግፊትና የልብ ምት ማየት፣ ለሐኪሙ ቁጥር ማሳወቅ ሆነ ሥራዬ። ሐኪሙም በወጣው ልክ ሳይሆን ግማሹን ያህል በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ ተካላቸው። ሁሉንም ከተካነው ኩላሊቱ ያንኑ መልሶ እየለቀቀ ማቆሚያ ያጣል።

መለኪያው ራሱ ችግር ነበር። የሽንት ከረጢቱ ላይ ያሉት መስመሮች ሲሞላና ሲጎብጥ ይዋሻሉ። ክፍላችን አንድ መለኪያ ጆግ ብቻ ነበረው፣ እሱም አፉ ተሰንጥቋል። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አንገቱ ላይ ቆረጥኩ። በ50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውሃ እየሞላሁ በየ100 ሚሊ ሊትሩ በእስክሪብቶ መስመር አሰመርኩ። ከዚያ በፕላስተር ላይ "ሽንት" ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩበት፣ ማንም እንዳይጠጣበት። ለእያንዳንዱ ታካሚ የራሱ ሃይላንድ። አስታማሚዎቹንም አስተማርኳቸው። የአባባ ልጅ ከእኔ የተሻለ መዝጋቢ ወጣው፣ ሰዓቱን እስከ ደቂቃው ይጽፍ ነበር።

ካቴተር የገባለት ሰው ላይ ደግሞ ቁጥር ሲያንስ መጀመሪያ ቱቦውን እከተላለሁ። ተጣጥፏል? ሰውየው ተኝቶበታል? ደም ረግቶ ዘግቶታል? አንድ ጊዜ "ሽንት ቆመ" ተብሎ ሁላችን ስንሯሯጥ አስታማሚዋ ከረጢቱን ትራስ ላይ ሰቅላው ነበር፣ መሬት ላይ እንዳይቆሽሽ ብላ። ከረጢቱ ከፊኛ በታች መሆን አለበት፣ ወለል ግን መንካት የለበትም። ይሄንን ለማንም ሳልነግር አላልፍም። ቱቦው ሁሉ ደህና ከሆነና ሽንቱ በኪሎ ሲታሰብ በሰዓት ከግማሽ ሚሊ ሊትር ካነሰ፣ ማለትም 60 ኪሎ ሰው ላይ ከ30 ሚሊ ሊትር ካነሰ፣ ያኔ ሐኪም እጠራለሁ።

አባባ በአሥራ አንደኛው ቀን ክሪያቲኒናቸው 1.6 ሆኖ ወጡ፣ ለፕሮስቴቱ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዘው።

ሁለተኛው ትምህርቴ የመጣው ከአንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ጠዋት ስትነሣ ዓይኖቿ እስኪዘጉ ያብጣሉ፣ ማታ ደግሞ እብጠቱ እግሯ ላይ ይወርዳል። ሽንቷ ሲወርድ እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ይሠራል። ኩላሊቷ ፕሮቲን እያፈሰሰ ነው። ፕሮቲኑ እንዳይፈስ ፕሬድኒሶሎን፣ ውሃውን በሽንት እንዲያስወጣ ደግሞ ላዚክስ ተጀመረላት፣ ፈሳሽና ጨው ተቀነሰባት። የጠጣችውንና የሸናችውን በሃይላንዴ መዝግቤ ሳየው ሂሳቡ ልክ ነው። ኩራት ተሰማኝ።

ሚዛኑ ግን ሌላ አለ። በሁለት ቀን ሁለት ኪሎ ጨመረች። በሁለት ቀን ሥጋ ሁለት ኪሎ አይጨምርም። ያ ውሃ ነው፣ አንድ ኪሎ አንድ ሊትር። ሚዛኑ ተበላሽቷል ብዬ ራሴን መዘንኩ። አልተበላሸም።

ያልተቆጠረው ጠበል ነበር። እናትየው አልጋው ሥር ትንሽ ቢጫ ጀሪካን አስቀምጠዋል። "የጠጣችውን ሁሉ ንገሩኝ" ስል ውሃ፣ ሻይ፣ ሾርባ ይነግሩኛል። ጠበል ግን ለእሳቸው መጠጥ አይደለም። ውሸት አልዋሹኝም።

መከልከል አልፈለግሁም። ብከለክል በድብቅ እንደሚሰጧት አውቃለሁ፣ እኔም ያደግሁት በጠበል ነው። "እማማ፣ በረከቱ በብዛቱ ነው እንዴ?" አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። የቡና ሲኒ አምጥቼ በሲሪንጅ ለካሁት፣ 70 ሚሊ ሊትር ያዘ። ጠዋት አንድ ሲኒ፣ ማታ አንድ ሲኒ ተስማማን፣ ከውሃዋ ላይ ተቀንሶ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩና ሚዛኑ ተስማሙ።

ጨውም እንዲሁ ነው። "ጨው አልጨመርኩም" ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ግን በርበሬውና ሚጥሚጣው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ለጠያቂዎች ደግሞ ሌላ ንግግር አለኝ፣ የኩላሊት እጥበት ለሚጠብቁ ታካሚዎች። ሙዝ፣ ብርቱካንና የአቮካዶ ጁስ ይዞ የማይመጣ ጠያቂ የለም። ሦስቱም ፖታሲየም የሞላባቸው ናቸው። ኩላሊቱ የማይሠራ ሰው ላይ ፖታሲየም በደም ውስጥ ሲበዛ ልብን ቀጥ ሊያደርግ ይችላል። ፍቅር ነው ያመጡት፣ መመለስ ይከብዳል። እኔ "ለአስታማሚው ይሁን" እላለሁ፣ እሱም ደክሞታል። ለእጥበት ፊስቱላ የተሠራለትን፣ ማለትም ደም ሥሮቹ በቀዶ ሕክምና የተገናኙበትን ክንድ በተመለከተ ግን ድርድር አላውቅም። ግፊት አይለካበትም፣ ደም አይቀዳበትም። ከአልጋው ራስጌ በማርከር እጽፈዋለሁ።

ልጅቷ ልትወጣ ስትል ቤት ሚዛን እንደሌላቸው ነገሩኝ። ሚዛን ከሌለ እብጠቱ ሳይታይ እንደሚመለስ ፈራሁ። "በሰፈራችሁ ወፍጮ ቤት የለም?" አልኩ። አለ። የእህል ሚዛን ሰውም ይመዝናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ሄዳ፣ ቁርስ ሳትበላ፣ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ እንድትመዘን ተነጋገርን።

ትደውልልኝ ነበር። "ሲስተር፣ ሃምሳ አንድ ነኝ።" በሳምንቱ "ሃምሳ አንድ።" ባለ ወፍጮው እየሳቀባት እንደሆነ ነገረችኝ፣ "ጤፍሽ የታለ?" እያለ። አምስተኛው ቅዳሜ ላይ "ሃምሳ ሦስት ተኩል" አለች፣ ድምፅዋ ቀነስ ብሎ። "ቅልጥምሽን በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊና አምስት ቁጠሪ" አልኳት። ስትቆጥር ይሰማኛል። "ጎድጉዶ ቀረ" አለች። መድኃኒቱን ጠየቅኋት። ፕሬድኒሶሎኑ ፊቴን አወፈረው ብላ ከአሥር ቀን በፊት አቁማዋለች።

እሑድ በመጀመሪያው መኪና መጣች፣ እናትየው ሲኒዋን በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ይዘው።