ሐረር ገበያ ለመብላት ከሄዳችሁ

ከድሬዳዋ ተነስቶ ሐረር ገበያ ሊበላ የሚሄድ ሰው የሚሳሳተው በሰዓት ነው። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የደንገጎ ዳገት አለ፤ ሚኒባሱም ሳይሞላ አይነሳም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል መናኸሪያ የተገኘ ፈጢራው፣ ማለትም በስሱ ተለጥጦ የሚጠበሰው የእንቁላል ቂጣ፣ ትኩስ እያለ ይደርሳል። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ብዙ ሱቅ ስለሚዘጋ ከዚያ በፊት ገበያችሁን ጨርሱ። ረመዳን ከሆነ ደግሞ በቀን አትድከሙ፤ ድምቀቱ ከመግሪብ፣ ከፀሐይ መጥለቂያው ሶላት፣ በኋላ ነው።

ፈጢራ ከማዘዛችሁ በፊት የሚሠራውን ሰው እጅ እዩ። ሊጡ ዘይት ተቀብቶ ካረፈ በኋላ ጠረጴዛው ከሥሩ እስኪታይ ይለጠጣል፤ እንቁላል ይፈስበትና እንደ ፖስታ ይታጠፋል። ሳያርፍ ከተለጠጠ ይቀደዳል። ቀዳዳውን ለመሸፈን ሲደራረብ መሃሉ ጥሬ ይቀራል። ማር የሚፈስበት ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። ቀድሞ ተጠብሶ የተደረደረውን እለፉት፤ ከቀዘቀዘ ቆዳ ማኘክ ነው። ጿሚዎች "ያለ እንቁላል" ስትሉ ቅቤውንም ጠይቁ።

ሐረር ሄዶ ቡና ብቻ ጠጥቶ መመለስ ግን ያስቆጫል። የሐረር ቡና ሳይታጠብ፣ ከነሽፋኑ ደርቆ ነው የሚፈለፈለው፤ ስለዚህ ገለባው አይጣልም፣ ከወተት ጋር ፈልቶ ሆጃ ይሆናል። ቁጢ ደግሞ የቡና ቅጠል ነው። ደረቅ ቅጠል ገዝታችሁ ቤት ለማፍላት አንድ እፍኝ በምጣድ ቡናማ እስኪል አምሱ፣ አድቅቁ፣ በ1 ሊትር ውሃ በቀስታ 20 ደቂቃ ያህል አፍሉት። ከጠቆረባችሁ ይመራል፤ ወተትም አያድነውም። ሆጃ ላይ የቆየ ወተት ከጨመራችሁ ሲፈላ ውሃና ፍርፋሪ ይሆናል። ጨው ስታገኙበት አትደንግጡ፤ ስኳር የምትፈልጉ ቀድማችሁ ተናገሩ።

የግመል ወተት ጭስ ጭስ ካለ ዕቃው ታጥኖ ነው እንጂ ተበላሽቶ አይደለም። ጥሬውን ግን አትጠጡ፣ አፍሉት። እርጎ ላድርገው ብላችሁም አትልፉ፤ እንደ ላም ወተት አይረጋም።

ሥጋን የመጨረሻ አድርጉት። የሙስሊምና የክርስቲያን ሉካንዳ ለየብቻ ስለሆነ ከመመዘናችሁ በፊት ጠይቁ። ግድር መጋላ በሚባለው ገበያ ሥጋ በስስ ፌስታል አንጠልጥሎ መውጣት ለጭልፊት ግብዣ ነው። ከላይ ተወርውሮ ከእጅ ይነጥቃል፤ እሱ ደግሞ የማን ሉካንዳ እንደሆነ አይጠይቅም። ክዳን ያለው ዘንቢል ያዙ።