የሰፈራችንን ሜዳ አሁን ካልነካነው መቼም አንነካውም

አቦ ይሄን የሰፈራችንን ኳስ ሜዳ የማደስ ነገር ሰሞኑን ላገኘሁት ሰው ሁሉ እያወራሁ ስለሆነ እዚህም ልጻፈው። ታህሳስ ነው፣ ድሬ ጠዋት ጠዋት ጃኬት ያስለብሳል፣ እኩለ ቀን ላይ እንኳን ዶማ ይዞ መዋል ይቻላል፣ ግንቦት ላይ ግን ያንን ጸሀይ ማንም አይችለውም። ብርዳም አገር ያሉ የጎልፍ ሜዳ ሰራተኞችም ትልልቁን ስራ የሚሰሩት ሳሩ ማደግ ሲያቆም ነው፣ ቦይ ይቆፍራሉ፣ ዛፍ ይከረክማሉ፣ የተጎዳውን ያድሳሉ። የኛ ሰርዶ እንደዛ ጭልጥ ብሎ አይተኛም ግን ታህሳስና ጥር ላይ ቀስ ይላል። ስለዚ አሁን አፈሩን እንስራ፣ ሳሩን መጋቢት ላይ በልግ ሲገባ እንትከል ነው የምለው።

ልጆቹ ብር ሲሰበሰብ መጀመሪያ የሚያነሱት ሳር መግዛት ነው። ይገባኛል፣ አረንጓዴ ሜዳ ላይ መጫወት የማይፈልግ የለም። ግን ችግራችን እሱ አይደለም። ማታ ውሃ አጠጡትና ጠዋት ረጅም ካቻቢቴ ይዛችሁ መሬቱን ውጉት። ዳር ዳሩ ላይ እስከ እጀታው ይገባል፣ ጎሉ አፍ ላይ ግን ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ቀጥ ይላል፣ ብትገፋው መዳፍህን ነው የሚያምህ። ስንት አመት በጫማ የተደበደበ አፈር ውስጥ አየርም ውሃም አይገባም፣ ታዲያ ስሩ በየት ይሂድ? ሰርዶ እኮ ጠንካራ ሳር ነው፣ መሬቱን ካላላህለት ራሱ ከዳር እየተሳበ ይመጣል።

የሚያስፈልገን ወፍራም የአትክልት ሹካ ነው። በእግርህ ተጭነህ 10 ሳንቲም ያህል ታስገባዋለህ፣ ትንሽ ወደኋላ ነቅነቅ አድርገህ ታወጣዋለህ፣ ትንሽ ፈቀቅ ብለህ ትደግመዋለህ። ከዛ አሸዋ በትነህ ቀዳዳዎቹን በመጥረጊያ መሙላት ነው። የጎልፍ ሰዎች ይሄንኑ በማሽን ነው የሚሰሩት፣ ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ዙሪያ ያለውን ሳር ወደ 3 ሚሊሜትር አውርደው እያጨዱት በህይወት የሚቆይላቸው አንዱ ምክንያት ከስር ያለውን አፈር እንዲህ ስለሚንከባከቡት ነው።

አሸዋው ላይ ግን እንጠንቀቅ። ከደቻቱ ወንዝ የሚወጣው ሁሉ አንድ አይደለም፣ አንዳንዱ ደለል የበዛበት ነው፣ እሱን ከደፋንበት ደርቆ ሌላ ድንጋይ ይሆንብናል። አንድ ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ፣ እስከ ግማሽ አሸዋ፣ ከላዩ ውሃ፣ በደንብ ንጣችሁ አስቀምጡት። አሸዋው ቶሎ ከስር ይቀመጣል፣ ቆይቶ ከላዩ ላይ ለስላሳ ቡናማ ጭቃ ይተኛል። ያ ጭቃ ወፈር ካለ ባለሲኖትራኩን አመስግናችሁ መልሱት፣ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትቀበሉ።

ሌላው ውሃው ነው። የሜዳው ጠባቂ አባባ በመንገዱ በኩል ጎርፍ የሚገባበትን ቦታ አሳይተውኛል፣ አጥሩ ስር አፈሩ ተሸርሽሮ የዛፉ ስር ወጥቷል። እዛ ጋ ቦይ ካልቆፈርን የምንደፋው አሸዋ ሁሉ ሀምሌ ላይ ተጠርጎ ይሄዳል። ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ ውሃ መንገድ ካልተበጀለት ምን እንደሚያደርግ ለድሬ ሰው አይነገርም። ሜዳውም ከመሀል ወደ ዳር ትንሽ ያዘንብል፣ 1 ፐርሰንት ይበቃል፣ ማለትም በ30 ሜትር 30 ሳንቲም፣ በአይን አይታወቅም ኳስም አያበላሽም። ለመለካት ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቶ ሁለቱን ጫፍ መያዝ ነው፣ ግንበኞች የሚሰሩበት።

ሳሩ ከተተከለ በኋላ ደሞ በየቀኑ ላዩን ረጨት ረጨት ማድረግ ይቅር። ስሩ ወደላይ ነው የሚቀረው። እስኪይዝ ድረስ አዎ፣ ከያዘ በኋላ ግን ቀናት እያሳለፉ በጠዋት ወደታች እስኪሰርግ ማጠጣት ይሻላል።

ሜዳው ላይ የሚገቡትን ፍየሎች በተመለከተ ከባለቤቶቹ ጋር በሰላም እንነጋገራለን፣ እነሱም ልጆቻቸው እዛው ነው የሚጫወቱት።

ጎረቤት የሆናችሁ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰአት ሜዳው ጋ እንገናኝ። ሹካም ካርዮላም ያለው ይዞ ይምጣ፣ ከመንገዱ በኩል ካለው ቦይ እንጀምራለን።