ዊሊ ሚለር እና የጎተንበርግ ዝናብ

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ዶፉን ይለቀዋል። ትራሙ እዚህ ስዊድን፣ ጎተንበርግ ያለው ኡሌቪ ስታዲየም ጋ ሲደርስ ሳላስበው ወረድኩ። ጃንጥላ እንኳን አልያዝኩም።

እዚህ ሜዳ ላይ ነው በፈረንጆቹ ሜይ 11 ቀን 1983፣ ልክ እንደዛሬው ዝናብ እየወረደ፣ የስኮትላንዱ አበርዲን ሪያል ማድሪድን በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን የወሰደው። አሰልጣኙ አሌክስ ፈርጉሰን፣ አምበሉ ተከላካዩ ዊሊ ሚለር።

አጥሩ ሥር ቆሜ ፎቶውን ከስልኬ ከፈትኩ። ሚለር ዋንጫውን በአንድ እጁ ብቻ ከፍ አድርጎታል። ክንዱ ቀጥ ብሏል። ጠብታው ስክሪኑ ላይ እየወደቀ ፊቱን ይሸፍንብኛል፣ በእጅጌዬ እጠርጋለሁ፣ ደግሞ ይሸፍነዋል።

ሰውየው ሲጀምር አጥቂ ነበር። ተከላካይ የሆነው ወደ ኋላ ስበውት ነው። ወደ 800 የሚጠጋ ጨዋታ ለአበርዲን ተጫወተ፤ ለስኮትላንድ ደግሞ 65 ጊዜ። ጉልበቱ ተጎድቶ በ1990 ጫማውን ሰቀለ። በ1992 የአበርዲን አሰልጣኝ ሆነ፣ ውጤት ሲጠፋ በ1995 ተሰናበተ።

በ2004 ግን ዳይሬክተር ሆኖ ወደዚያው ክለብ ተመለሰ። እኔን የሚነካኝ ይሄ ነው። ካሰናበተህ ቤት ተመልሶ ሥራ መጀመር ቀላል አይደለም። ስንቶቻችን በበሩ እንኳን አናልፍም ነበር!

ቤት ስገባ ልጄ «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የበሰበስከው?» አለኝ። ፎቶውን አሳየሁት።

«በአንድ እጁ?» አለ።

አዎ፣ በአንድ እጁ።