ተርሞስታቱን አውጥታችሁ አትጣሉት

"እዚህ አገር ተርሞስታት ምን ይሰራል፣ አውጣውና ጣለው" ሲባል ከስንት መካኒክ እንደሰማሁ እግዜር ይወቀው። ተርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ወደ ማቀዝቀዣው የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ የሚይዝ ዕቃ ነው። ኮሮላም ይሁን ቮልስ፣ ሞተር ሞቀ ከተባለ መጀመሪያ የሚነቀለው እሱ ነው። የምር ያናድደኛል። አዲስ አበባ እኮ ጠዋት ጠዋት ብርድ ነው፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ ከቤት ቢሮ አጭር መንገድ ነው የሚነዳው፣ ስለዚህ ዘይቱ በደንብ ሳይሞቅ መኪናው ይቆማል፣ ተርሞስታቱ ከወጣ ደግሞ ይባስ ብሎ ለመሞቅ ይዘገያል። ዘይት ካልሞቀ ውስጡ የገባው እርጥበትና ቤንዚን አይተንም፣ እዛው ይቀራል፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቱ እንደ ቅቤ የተለጠፈ ነገር የምታዩት ለዛ ነው።

ሰሞኑን ጋራዥ ያለው መኪና ፖርሽ 911 ኤስሲ ነው፣ በፈረንጅ 1983 የተሰራ፣ ባለ 3 ሊትር ሞተር። ባለቤቱ የአባቴ ጓደኛ ናቸው፣ ጀርመን እያሉ ገዝተው ነው ይዘውት የገቡት። ችግሩ ምንድነው፣ ከሰዓት በኋላ ከለገሃር ተነስተው ቸርችልን ወደ ፒያሳ ሲወጡ የዘይት ሙቀት ጌጁ ቀዩ ጋ ሊደርስ ይጠጋል። አንድ ጋራዥ "ጋሼ፣ ይሄን ተርሞስታት አውጥተን ቱቦውን ቀጥታ እናገናኘውና ወፍራም ዘይት እናድርግበት" አላቸው። እሳቸውም "ልጄ አንተስ ምን ትላለህ?" ብለው መጡ፤ እኔም ጋሼ ሳንፈትሸው ምንም ነገር አንነቅልም አልኳቸው።

አሰራሩን ለማያውቅ፣ የዚህ መኪና ሞተር ውሃ የለውም። ከቮልስ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፣ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። 911 በዚህ ዓይነት ሞተር በፈረንጅ እስከ 1998 ድረስ ተሰርቷል። ዘይቱ በጣም ብዙ ነው፣ በጠቅላላ 13 ሊትር ገደማ፣ የሚጠራቀመውም ሞተሩ ስር ሳይሆን በቀኝ በኩል ከኋላ ጎማ አጠገብ ባለ ታንከር ውስጥ ነው። ተርሞስታቱም እዛው አካባቢ ነው። ከሞተር የሚመለሰው ዘይት መጀመሪያ እሱ ጋ ይደርሳል፣ ቀዝቃዛ ከሆነ በአቋራጭ ወደ ታንከሩ ይመልሰዋል፣ 83 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግን መንገዱን ይከፍትና ዘይቱ በቀኝ በር ስር ባሉት ሁለት ረጃጅም ቱቦዎች እስከ ፊት ፓራፋንጎ ሄዶ፣ እዛ ያለው ኩለር ውስጥ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ውስጡ ሌላ በሞላ የምትሰራ ቫልቭም አለችው፣ ዘይቱ ወፍሮ ግፊቱ ሲበዛ ማስተንፈሻ ናት።

ምርመራው በእጅ ነው የሚጀመረው። መኪናውን ጌጁ እስኪወጣ ነድተን መጣንና በሩ ስር ያሉትን ቱቦዎች ነካኋቸው፣ ሁለቱም ቀዝቃዛ። የፊቱ ኩለርም ቀዝቃዛ። ጌጁ እየዋሸ እንዳይሆን ታንከሩን በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለካሁት፣ እውነቱን ነው፣ ዘይቱ በጣም ሞቋል። ስለዚህ ኩለሩ አልደፈነም፣ ፖምፓውም ምንም አልሆነም፣ ዘይቱ ወደ ፊት እየሄደ አይደለም በቃ። ወፍራም ዘይት ይሄን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። በዛ ላይ ከተማችን ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባህር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፣ በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ የፊቱ ኩለር ስራ ላይ መሆን አለበት።

አስቸጋሪው ክፍል መፍታቱ ነው። የተርሞስታቱ ቤት አሉሚኒየም ነው፣ የቱቦዎቹ ዳዶ ብረት ነው፣ አርባ ዓመት ሙሉ ከጎማው የሚረጨው ጭቃና ውሃ ሁለቱን አጣብቋቸዋል። 36 ቁልፍ ነው የሚይዘው። እዚህ ጋ ጉልበት የተጠቀመ ሰው ወይ ቱቦውን ይጠመዝዘዋል ወይ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል፣ ቤቱ ከተበላሸ ደግሞ ሶማሌ ተራን ብታስሱት አታገኙትም። የዛገ የሚያላቅቅ ዘይት እየረጨን አሳደርነው፣ ሞቅ አደረግነው፣ አንዱ ዳዶ እሺ አለ፣ ሌላው ጭራሽ እንቢ አለ። ለእሱ ዳዶውን በትንሽ ዲስክ በቁመቱ ጥርሱ ጋ ሳንደርስ ሰንጥቀን በመሮ ከፈት አደረግነው፣ ዳዶ ቶርኖ ቤት ይሰራል፣ ቤቱ ግን አይሰራም።

ከወጣ በኋላ ክዳኑን የምትይዘውን ቀለበት በፒንሳ አወጣን (ሞላ ስላለበት ክዳኑን ተጭናችሁ ያዙት፣ ፊታችሁንም ዞር አድርጉ)። ውስጡ ዘይት ተቃጥሎ ጥቁር ቫርኒሽ ሆኖ ቫልቩን ከቤቱ ጋር አጣብቆታል፣ ኦሪንጎቹ እንደ ፕላስቲክ ደርቀው በጥፍር ስትነኳቸው ይሰበራሉ። ዋናው ጥያቄ ግን ውስጡ ሰም የታሸገበት ሲሊንደር ነው፣ ሰሙ ሲቀልጥ ያብጥና ፒኗን ይገፋታል፣ እሱ ከሞተ አይጠገንም፣ መግዛት ነው። ድስት ውስጥ ውሃ አድርገን፣ ታችኛውን ብረት እንዳይነካ በሽቦ አንጠልጥለን፣ ቴርሞሜትር ጨምረን ምድጃ ላይ ጣድነው። እዚህ ከተማ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ጊዜው ጠባብ ነው ግን ይበቃል። 80 ላይ ምንም የለም፣ ከዛ 83ን አለፍ ስትል ፒኗ ቀስ እያለች ብቅ፣ ብቅ፣ ውሃው ሊፈላ ሲል ሙሉ በሙሉ ወጣች። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ድስቱ ላይ አጎንብሰው "ይሄንን ነው ጣሉት ያሉኝ?" አሉ። አዎ፣ ይሄንኑ።

የቀረው ጽዳት ነው። ቫልቩንና ቤቱን በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ፣ በሸካራ ነገር በፍጹም አትፈትጉት፣ ከተጫረ ዘይት ያሳልፋል። ኦሪንግ ስትገዙ ቫይተን የሚባለውን ጠይቁ፣ ተራው ጎማ ለዚህ ሙቀት አይሆንም፣ ሻጩ "ያው ነው" ቢላችሁም ያው አይደለም። ስትመልሱ ዳዶው ጥርስ ላይ እንዳይጣበቅ የሚከላከለውን ቅባት በስሱ አድርጉለት፣ ቀጥሎ የሚፈታው ሰው ያመሰግናችኋል።

አሁን ቸርችልን ሲወጣ ጌጁ ይነሳል ይነሳልና ቆም ይላል፣ ከፊት የመጣው ቀዝቃዛ ዘይት ሲደርስ እንዲያውም ትንሽ ዝቅ ይላል፣ በሩ ስር ያለው ቱቦ እጅ አያስነካም። ሜክሲኮ መዘጋጋት ውስጥ ከቆመ ግን ትንሽ መውጣቱ አይቀርም፣ የፊቱ ኩለር ፋን የለውም፣ አየር የሚያገኘው መኪናው ሲሄድ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አትደንግጡ።

ዘይቱን ደግሞ በቀዝቃዛ ሞተር አትለኩት። ሞተሩ ሞቆ፣ ተርሞስታቱ ተከፍቶ፣ ሜዳ ቦታ ላይ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሰራ ነው ዲፕስቲኩ የሚታየው። ኩለሩና ቱቦዎቹ ባዶ ከነበሩ ሲሞሉ ታንከሩ ውስጥ ያለው ይቀንሳል፣ ያኔ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። ከልክ በላይ ከሞላችሁት ትርፉ በአየር መሳቢያው ገብቶ ሰማያዊ ጭስ ያስጨሳችኋል።